የሰልፉ ፈረስ

ሰበታ፣ ጥቅምት ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ አንተም፣ ባለቤትህም፣ ልጅህም በሙሉ ጤና እንድትሆኑ እመኛለሁ። ክረምቱ እናንተ ዘንድ እንዴት አለፈ? እኛ ጋ ጭቃው ገና አልደረቀም። የወንዙን ድልድይ አንድ ጎኑን ጎርፍ ቦርቡሮት ሰው እየተያያዘ ነው የሚሻገረው። እኔ ደህና ነኝ። ላሟ ወልዳለች። ጎረቤታችን አዴ ጠጅቱ ሰላም በይልኝ ብለውሃል፤ መልክህን ግን እየረሱት ነው። አባባን እንደሆነ ያ ሳል ከነሐሴ ወዲህ ትቷቸዋል። ብርዱም አያስቸግራቸውም።

የእጅ ጽሑፌ ቢያስጠላህ ራስህን ውቀስ። በራችን ላይ በከሰል እየጻፍክ ሀ ሁ ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ። አባባ «ለሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል?» ሲሉ፣ «እኔ ሩቅ አገር ስሄድ ደብዳቤ ትጽፍልኛለች» ብለህ አሳመንካቸው። ሩቅ አገር ያልከው አዲስ አበባ ሆነ እንጂ ይኸው እየጻፍኩልህ ነው።

የምጽፍልህ ስለ ሰልፉ ነው። አንተ የምታውቀው አንድ እሑዱን ብቻ ስለሆነ የቀረውንም እንድታውቀው ብዬ ነው።

አምና፣ መስቀል እንዳለፈ፣ የመሬቱ ጌታ በጅማ መንገድ ዳር ያለውን መስክ ለአንድ ግሪክ ሸጡት። አባባ ያርሱት የነበረው ማሳም አብሮ ሄደ። የግሪኩን ስም የሚያውቅ የለም፤ ሁላችንም እንደ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው የምንለው። ሙሴው የእንጨት ፈረሶቹን በካሚዮን ጭኖ መጣና መሐል ማሳችን ላይ ተከላቸው። ልጆች ተቀምጠውባቸው በሞተር ነው የሚዞሩት። ለገና በዓል ወሬው ተዛምቶ እሑድ እሑድ የአዲስ አበባ ሰው ልጆቹን በመኪና እየጫነ ይጎርፍ ጀመር። ሙሴው አባባን ከመሬታቸው ካስነሳ በኋላ እዚያው መሬታቸው ላይ ዘበኛ አድርጎ ቀጠራቸው። እኔም በሩ ላይ ቁና አስቀምጬ ቆሎ እሸጥ ነበር።

ሞተሩ ግን ደካማ ነበር። ትንሽ እንደዞረ ይግላል፤ ውሃ እየተጨመረበት እስኪበርድ ድረስ ሰልፉ ከበሩ አልፎ አስፋልቱ ድረስ ይረዝማል። ልጆች ይነጫነጫሉ፣ እናቶች «እንሂድ» ይላሉ፣ አባቶች ሰዓታቸውን ያያሉ። አንድ መኪና አዙሮ በሄደ ቁጥር ሙሴው በገዛ ቋንቋው ይራገማል።

አባባ ማንም ሳያዛቸው ነው የጀመሩት። አንዲት ሕፃን መሬት ላይ ተንከባልላ ስታለቅስ አጠገቧ ቁጢጥ አሉና «እንቆቅልሽ!» አሏት። ልቅሶዋን ዋጥ አድርጋ «ምን አውቅልህ?» አለች። «ቀኑን ሙሉ ሲጋልብ ውሎ አንድ ጋት ፈቀቅ የማይል ምንድን ነው?» አሏት። ሰልፉ ሁሉ ማሰብ ጀመረ። አንዱ ወፍጮ አለ፣ ሌላው ፀሐይ አለ። አባባ «አላወቃችሁም፣ አገር ስጡኝ!» አሉ። ሆለታን ሰጧቸው፣ እምቢ አሉ። ሱሉልታን ሰጧቸው፣ «ብርድ ነው፣ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። በመጨረሻ ሐረርን ሲሰጧቸው በደስታ ተቀብለው ወደ እንጨቱ ፈረስ ጠቆሙ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ያገራችን ልጆች ሲሰለፉ እንቆቅልሹን በኦሮምኛ «ሂቦ!» ይሏቸዋል፤ «ሂባካ!» ብለው ይመልሳሉ። ተረት ሲጀምሩም ከሰልፉ ጅራት ይጀምሩና እየተራመዱ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ልክ ጅቡ አፉን ሊከፍት ሲል ያቆሙታል። ፈረሱ ላይ ከወጡት ልጆች ግማሹ ሲወርዱ የተረቱን መጨረሻ ሊሰሙ ተመልሰው ይሰለፉ ነበር። ያኔ አባባን ብታያቸው ሃያ ዓመት ወርውረው ጥለው ነበር።

የተበላሸው በትልልቆቹ ነው። ልጅ ሲሰለቸው ያለቅሳል፤ ትልቅ ሰው ሲሰለቸው የሚያስለቅሰው ይፈልጋል። በመጀመሪያ ዳኛ ሲፈርድ አሳየን አሉ፣ አሳዩ። ሰካራም ሁን አሉ፣ ሆኑ። አማርኛቸው ላይ እየሳቁ አንዱን ቃል ደጋግመው ያስብሏቸው ጀመር። አንድ እሑድ ሞተሩ ጨርሶ ቆመና ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎረምሳ «ሽማግሌ፣ የሙሴው ፈረስ ከደከመ አንተስ ለምን ፈረስ አትሆንም?» አላቸው። በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው አንተ ብሎ። አባባ የቀለደ መስሏቸው ሳቁ። እሱ ግን ከረባቱን ፈታና አንገታቸው ላይ አሰረው፤ ሌላው የራሱን ልጅ አንስቶ ትከሻቸው ላይ አስቀመጠው። አባባም ልጁ እንዳይወድቅ ብለው ተንበረከኩ።

በዚያ ቀን ከሰልፉ አንድ ሰው አልሄደም። ሙሴውም ይህን አየ። በሚቀጥለው እሑድ ቃጭል የተንጠለጠለበት እውነተኛ ልጓም ገዝቶ መጣ።

ተዉት ብዬ ለምኛቸዋለሁ። «ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሆዱ ይብሳል፤ ሆድ የባሰውን ማሳቅ ጽድቅ ነው» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጉልበታቸውን በቅቤ ሳሽላቸው «ልጆቹኮ ቀላል ናቸው፤ የሚከብደው የአባቶቻቸው ሳቅ ነው» አሉኝ። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አላማረሩም።

ከዚያ ዳግማይ ትንሣኤ ሆነና አንተ መጣህ።

ግራጫ ሱፍ ለብሰህ ነበር። ባለቤትህ ባርኔጣ አድርጋለች፣ ልጅህ ቁምጣውን በማንገቻ ይዞታል። ሞተሩ ቆሞ ሰልፉ ረዝሟል። አባባ በአራት እግራቸው አንዲት ወፍራም ልጅ ተሸክመው እያሽካኩ ወደ እናንተ ሲመጡ አየሃቸው። አይተሃቸዋል፤ ፊትህ ሲነጣ ከቆሎዬ ላይ ቀና ብዬ አይቼሃለሁና አላየሁም አትበለኝ። ከኪስህ ጋዜጣ አወጣህና ዘረጋኸው። ባለቤትህ እኔ ዘንድ መጥታ ቆሎ ገዛች፤ «መልሱን ያዢው» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ማን እንደሆንኩ የነገራት የለም። ልነግራት አፌን ስከፍት አባባ ከመሬት ቀና ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቃጭሉ አብሮ ተንቀጫቀጨ፤ ሰዉም ጨዋታ መስሎት ሳቀ።

ልጅህ «እኔም! እኔም!» አለ። ባለቤትህ «ትንሽ ይጋልብ፣ ምናለበት?» ስትልህ አንተ ከጋዜጣው ቀና ሳትል «እንደፈለገ» አልክ።

ወጣ። ያን ጀርባ አንተ ታውቀዋለህ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሱሪህ እንዳይርስ ወንዙን ተሻግረህ ትምህርት ቤት ትደርስበት የነበረው ጀርባ ነው። አባባ ጥቂት ተራመዱና «ጌታው፣ ስምዎ ማን ይባላል?» አሉት። ነገራቸው። «የአባትህስ?» አሉት። ዛሬ የምትጠራበትን ስም ነገራቸው፤ ያን እንኳ በወሬ ሰምተነው ነበር። «የአያትህስ?» አሉት። ልጅህ ጎበዝ ነው፣ እንደ ዳዊት ይዞታል፤ «ወንዳፍራሽ!» አለ ጮክ ብሎ።

ወንዳፍራሽ ማን ነው ወንድሜ? ሰበታን ከዳር ዳር ጠየቅሁ፤ የሚያውቀው የለም።

አባባ ቆሙ። በአራት እግራቸው እንዳሉ፣ ራሳቸውን ወደ መሬት እንደደፉ ቆሙ። ቃጭሉም ዝም አለ። ሰልፉ «ፈረሱ ዛለ!» «ኧረ ግረፈው!» ይል ጀመር። አንዱ ከአጥሩ ላይ ቀጭን ባሕር ዛፍ ቆርጦ ለልጅህ አቀበለው። ልጁ ደግ ነው፤ እጁን አንሥቶ ወደ አንተ ዞረና «አባዬ፣ ልምታው?» አለህ።

ሰዉ ሁሉ ያይህ ነበር። እኔም አይህ ነበር። ጋዜጣውን ዝቅ አደረግህ፤ ሌሎቹ ስለሚስቁ አንተም ሳቅ አልክና «ቀስ ብለህ» አልከው።

ቀስ ብሎ መታቸው። አባባም አሽካኩ። እንደዚያ ሲያሽካኩ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አየ። ዘለሉ፣ ተራገጡ፣ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ሁለቴ ዞሩት፤ ልጅህ ጆሯቸውን ይዞ በደስታ ይጮህ ነበር። ተራችሁ ደርሶ ሞተሩ ሲነሣ የእንጨቱን ፈረስ እምቢ አለ። «ይሄኛው ይሻላል» ብሎ አለቀሰ። አባባ ከጀርባቸው አውርደው እንባውን በጋቢያቸው ጠረጉለትና «ሂድ የኔ ጌታ፣ እግዜር አያትህን ያኑርልህ» አሉት። አንተ ፊትህን አዙረህ ሣንቲም ዘረጋህላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉህና «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አሉህ።

ማታ ቤት ስንገባ፣ የምታዝንላቸው ከሆነ ልንገርህ፣ ደስ ብሏቸው ነበር። «እግሩ ጠንካራ ነው፤ አያያዙ ልክ የአባቱ ነው» እያሉ ለአዴ ጠጅቱ ሳይቀር ስለ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ አወሩ፤ የማን ልጅ እንደሆነ ግን አልነገሯቸውም። እኔ በነጋታው መሥሪያ ቤትህ ድረስ መጥቼ በጸሐፊዎችህ ፊት ላዋርድህ ነጠላዬን ሳነሣ በሩ ላይ ቆሙብኝ። «ከሁለታችን አንዳችን መዋረድ ካለብን እኔ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። በእናታችን አጥንት አስማሉኝ። መሐላዬን የጠበቅሁት እሳቸው እስካሉ ነው።

ከዚያ ዝናቡ ገባ። የአዲስ አበባ ሰው ቀረ። ሙሴው ፈረሶቹን ሸራ አልብሶ ሄደ። አባባ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ልጓሙን ይዘው ይወጣሉ። «ልጁ ይሄኛው ፈረስ ይሻላል ብሏልኮ፤ አባቱን ያስመጣዋል» ይላሉ። ከተዘጋው በር ፊት፣ በረጠበው ሣር ላይ፣ ዝናብ እየመታቸው ይቆማሉ። መኪና ሲያልፍ ቃጭሉን ያንቀጨቅጫሉ። ሳሉ ሲበረታ ልጓሙን ቀብሬ ደብቄባቸው ነበር፤ ቆፍረው አገኙት። በሐምሌ አንዱ እሑድ ጎረቤታችን ኦቦ መገርሳ ከመንገድ ዳር አንሥተው በበቅሎ አመጡልኝ።

ሦስት ሳምንት ተኙ። ትኩሳቱ ሲነሣባቸው ግድግዳውን ሰልፍ ያደርጉታል። «አትገፋፉ፣ ለሁላችሁም ይደርሳችኋል» ይላሉ። እንቆቅልሽ ይጠይቁታል፣ ግድግዳው ዝም ሲላቸው አገር ስጠኝ ይሉታል። አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው በደንብ አወቁኝና «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ መጣ እንዴ?» አሉኝ። የትኛውን እንደሆነ፣ አንተን ይሁን ልጅህን፣ አልጠየቅኋቸውም። «እየመጣ ነው፣ ሰልፉ ረዝሞበት ነው» አልኳቸው። «ጋሪዳ» አሉ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው፤ ረስተኸው እንደሆነ ብዬ ነው።

በፍልሰታ ማግሥት ፀጉሬን ተላጨሁ። ድንኳኑን ጎረቤት ተከለልኝ። ሰው ብዙ መጣ፤ ከሱሉልታ የእናታችን ወንድም፣ ከቡራዩ እነ አያ ሁንዴ፣ በአባባ እንቆቅልሽ የሳቁ የሰበታ ልጆች ሳይቀሩ። ሙሴውም ኮፍያውን አውልቆ ከዳር ቆመ። የመጣው ሁሉ «ወንድ ልጃቸውስ?» ይላል። አርባውንም አወጣን።

ሽማግሌዎቹ እንደ መርዶ ደንብ ጎሕ ሲቀድ ደጅህ ሊመጡ ተሰባስበው ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። በርህን አንኳኩተው «የኦቦ ደገፋን ልጅ ፈልገን ነው» ቢሉ ዘበኛህ ቤት ተሳስታችኋል ብሎ ይመልሳቸዋል። ጎረቤቶችህም መስኮታቸውን ከፍተው ያያሉ። ስለዚህ በወረቀት ላክሁልህ፤ ጋዜጣ እንደምታነብ ፊትህን ሸፍነህ ታነበዋለህ።

ሙሴው ከመስቀል በኋላ ተመልሷል። ሞተሩ ያው ነው፣ ሰልፉም ያው ነው። ሌላ ሽማግሌ ቀጥሯል፤ ልጅህ ከጠየቀህ ፈረስ አለ በለው።

ባለቤትህን በሰላም ያቆይልህ። ወንበርህን ያጽናልህ፣ ስምህን ያስጠራልህ። ዕድሜህን አርዝሞ፣ ሽበት አልብሶ፣ ለአባባ የሰጣቸውን የመሰለ ልጅ ለአንተም ይስጥህ።

የኦቦ ደገፋ ልጅ