ማክሰኞን ክፈቺም አትሥሪም ስላላችሁኝ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ፦ ለሄምሎክ ቤንድ መንደር ምክር ቤት ሰብሳቢ፣ ለክቡር አቶ ሮድኒ ላምፒ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በረዶ ሲዝቁ የተጎዳው ወገብዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ ለባለቤትዎና ለመላው ምክር ቤትም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከማክሰኞ በቀር ደህና ነኝ።

እርስዎ ያውቁኛል፤ ደብዳቤው የሚለጠፈው በሱቄ መስኮት ላይ ስለሆነ ግን ለአላፊ አግዳሚው ልናገር። አይሊ ኒሱላ እባላለሁ፤ በድልድዩ ሥር፣ መንደሩ በሚያከራየው ቤት ውስጥ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የልብስ ማጠቢያ ቤት ይዤ ኖሬአለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ከጅረታችን ዓሣ ሲጠፋ ጊዜ፣ የማክሰኞን ትርፍ ለጅረቱ ማጽጃና ለአረጋውያኑ ምሳ እሰጣለሁ ብዬ በራሴ አፍ ተናገርኩ። ማንም አላስገደደኝም። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

አንደኛ፣ የመንደራችንን ሕዝብ ደግነት አመሰግናለሁ። ሕዝቡ ጅረቱን ከመውደዱ የተነሣ ልብሱን አጠራቅሞ ማክሰኞ ብቻ ማጠብ ጀመረ። ማክሰኞ ሰልፉ ድልድዩን ይሻገራል፤ በቀሩት ቀናት ከአሥራ አራት ማሽኖች ጋር ተቀምጬ ሬዲዮ እሰማለሁ። አንድ ሰኞ ጎረቤቴ ቬርና ኮስኪ ልትጠይቀኝ መጣች፤ የባሏ ቱታ በከረጢት ሞልቶ መኪናዋ ውስጥ ይታየኛል። ለምን እንደማታስገባው ብጠይቃት፣ “ዛሬ ባጥብማ ለጅረቱ ምን ሊተርፈው ነው? ነገ አመጣዋለሁ፤ አንቺ ግን ምነው ከሳሽብኝ?” አለችኝ። ልቆጣት አልቻልኩም። ባሏ ለዓሣው ሲል ካልሲ ሳያደርግ ሰንብቷል። እኔ የምበላው ግን ከሌሎቹ ቀናት ነበር፤ ይኸው ላም ባልዋለበት ኩበት እለቅማለሁ።

ሁለተኛ፣ ለምክር ቤትዎ አርቆ አሳቢነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ባለፈው ጸደይ ቀርቤ፣ የማክሰኞው ይቅርልኝና ከየቀኑ ትንሽ ትንሽ ልስጥ ብዬ ብለምን፣ ማክሰኞ በቀን መቁጠሪያው ታትሟል፣ በመንደሩ መግቢያ ሰሌዳም ላይ በቀለም ተጽፏል ብለው መለሱልኝ። ሐሳቤን እንዳልለውጥም ኪራዩ ሲታደስ፣ ሱቁ ማክሰኞ ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ በሩን ካልከፈተ ውሉ ይፈርሳል የሚል አንቀጽ አስገቡልኝ። ፈረምኩ። ወለል ላይ በብሎን የታሰሩ አሥራ አራት ማሽኖች ይዤ ወዴት እሄዳለሁ?

ሦስተኛ፣ ስለ ቱቦው። በመንገዳችን ሥር ያለው የፍሳሽ ቱቦ ከእኔም ከእርስዎም ዕድሜ ይበልጣል። ማሽኖቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲያፈሱ መሸከም ያቅተውና በድልድዩ ጎን ክዳኑን አንሥቶ አረፋውን ወደ ጅረቱ ይለቀዋል። ይህን አራት ጊዜ አመልክቻለሁ። የማክሰኞው ገንዘብ ለዓይን በሚታይ ነገር ላይ ቢውል ይሻላል ተባለና፣ ስምዎ የተቀረጸበት አግዳሚ ወንበር በጅረቱ ዳር ተተከለ። ተቀምጬበት አይቻለሁ፤ አረፋው ከዚያ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አራተኛ፣ ባለፈው ሐሙስ ከቢሮዎ ሁለት ደብዳቤዎች ባንድ ላይ ደረሱኝ። አንደኛው የዓመቱ የጅረት ወዳጅ ሆኜ መመረጤንና በክብር እራት ላይ እንደምሸለም ያበሥራል። ሁለተኛው ጅረቱን ስለበከልኩ ቱቦው እስኪጠገን ድረስ ማክሰኞ ማሽን ማስነሣት የተከለከለ መሆኑን፣ ብገኝ እንደምቀጣ ይገልጻል። ቱቦው ዘንድሮም ሆነ ለከርሞ በዕቅድ እንደሌለ ደግሞ እኔም እርስዎም እናውቃለን። እጄ አመድ አፋሽ ነው ብዬ ዝም ልል ነበር፤ ሆኖም ሁለቱን ደብዳቤና ውሉን ይዤ ወደ ቢሮዎ ሄድኩ። ጸሐፊዎ ጁን ማኪ መነጽሯን አድርጋ ሁሉንም አነበበች።

“አይሊዬ፣ ሦስቱም ልክ ናቸው” አለችኝ። “ሦስቱንም የተየብኳቸው እኔ ነኝ።”

ታዲያ ማክሰኞ ምን ላድርግ ብላት፣ “እሱ እንኳ ወረቀቱ ላይ የለም” አለች።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በቀልድ ጻፍኩ እንጂ ፈርቻለሁ። ዕድሜዬ ስድሳ ሊሞላ ነው፤ ሌላ ሙያ የለኝም፤ ይህን ቤት ካጣሁ ያለኝን ሁሉ አጣሁ ማለት ነው። ማክሰኞን እንዳልጠላው ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ሃያ ሁለት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ምሳ የሚበሉት በእሱ ነው። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ፣ ላድነው ብዬ የተነሣሁለትን ጅረት በገዛ ሳሙናዬ ማቆሸሼ ነው።

ስለዚህ ወረቀቶቹን እንደገና አጥንቻቸዋለሁ። ውሉ በር ክፈቺ ይላል፤ ትእዛዙ ማሽን አታስነሺ ይላል። ሁለቱንም እፈጽማለሁ። የፊታችን ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በሩን ከፍቼ፣ መብራቱን አብርቼ፣ ዝም ባሉት ማሽኖቼ መካከል እስከ ማታ እቀመጣለሁ። ቬርና ከነከረጢቷ እንደምትመጣ ነግራኛለች፤ ሌላውም ሰው እድፉን ታቅፎ ከእኛ ጋር ቢቀመጥ ወንበር አለ። የዕለቱንም ትርፍ እንደ ደንቡ አንድ ሳንቲም ሳላጎድል አስረክባለሁ።

ለጅረቱ ካለኝ ፍቅርና ለፊርማዎ ካለኝ ፍርሃት ጋር፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበትዎ፣

አይሊ ኒሱላ
የዓመቱ የጅረት ወዳጅ፣ የዓመቱም የጅረት በካይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለሽልማቱ እራት የላኩልኝ አሥራ ሁለት ነጭ የጠረጴዛ ልብሶች ደርሰውኛል። በገዛ እጅዎ “ለጅረቱ እንዲተርፈው ማክሰኞ ብቻ ይታጠቡ” ብለው በጥቅሉ ላይ ስለጻፉ፣ ትእዛዝዎን አክብሬ ሌላ ቀን አልነካኋቸውም። እራቱም ማክሰኞ ማታ ስለሆነ፣ ከዓምናው የእንጆሪ ነጠብጣብ ጋር በሥርዓት ታጥፈው ይጠብቁዎታል።