ማንም የማይሳፈርበት ፌርማታ

ለከተማው የትራንስፖርት ዕቅድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎና ወገብዎ፣ በተለይም ቆሞ የመጠበቅ ዐቅምዎ እንዳልተጓደለ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከዳገቱ ሥር የምሠራ ልብስ ሰፊ ስሆን፣ የስፌት መኪናዬ ያለችው በመስኮቱ አጠገብ ስለሆነ ፌርማታችንን ከጥናት ባለሙያዎችዎ ባላነሰ አውቀዋለሁ።

ጽሕፈት ቤትዎ ገቢንና ወጪን ለማመጣጠን ሲል ይህን ፌርማታ መሰረዙን ከለጠፈልን ማስታወቂያ ተረድተናል። ምክንያቱ ደግሞ በአንድ ወር ቆጠራ ከዚህ የተሳፈረ አንድም ሰው አለመገኘቱ ነው። ለዚህ ድንቅ ጥናት ከልብ እያመሰገንኩ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ቆጣሪዎ ትጉህ ሰው መሆኑን እመሰክራለሁ። ወሩን ሙሉ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጦ የሚሳፈረውን ሲቆጥር ከረመ። አውቶቡሱ ግን ገና ከመነሻው ጢም ብሎ ስለሚመጣ በዚያ ወር እኛ ጋ አንዴም አልቆመም። አርባ የምንሆን ሰዎች እንዲቆምልን እጃችንን ስናውለበልብ፣ ቆጣሪው ሰላምታ መስሎት በመስኮት አጸፋውን እየመለሰ፣ ወረቀቱ ላይም ዜሮ እየጻፈ ያልፍ ነበር።

፪ኛ. ፌርማታው በመሰረዙ ከእያንዳንዱ ጉዞ ሁለት ደቂቃና ጥቂት ነዳጅ መዳኑን ገልጸውልናል። አውቶቡሱ በማይቆምበት ቦታ ባለመቆሙ የተገኘው ይህ ቁጠባ እንዴት እንደተሰላ ለማወቅ ጓጉቻለሁ።

፫ኛ. እናቴ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሐኪም ቤት ትሄዳለች። ከቆጠራው በፊት ቢያንስ አንዳንድ ሾፌር አዝኖላት ይቆም ነበር፤ አሁን ተከልክሏል። ስለዚህ ዳገቱን በከዘራ እየወጣች፣ ሦስቴ እያረፈች ወደሚቀጥለው ፌርማታ ትሄዳለች። ያረፈደችው ጊዜ ከእጥበቱ ሰዓት ላይ ይቀነስባታል። እግሯ ማበጥ ጀምሯል። ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ መቀለዱ አቅቶኛል፤ ፈርቻለሁ።

ጥናቱ ይደገም ብዬ አልዳፈርም። ቆጣሪውን ብቻ አንድ ጠዋት ከአውቶቡሱ አውርደው እኛ ጋ ያስቀምጡልን፤ ወንበሩን ከቤቴ አወጣለታለሁ።

ለዕቅድዎ መቃናት ዘወትር በመቆም ላይ የሚገኙት፣ በመዝገብዎ ግን ያልተወለዱት አርባ ሰዎች ባልደረባ፣
የዳገቱ ሥር ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ጠዋት የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች ሰርቪስ፣ የሰፈራችን ነዋሪ የሆኑትን የጥናት ክፍል ኃላፊ ሊወስድ እንደ ልማዱ እዚሁ ቆሞ ሳለ፣ እናቴ የከተማው አውቶቡስ መስሏት ተሳፈረች። ከግማሽ በላይ ወንበሩ ባዶ ነበር አለችኝ። ሾፌሩ ደግ ሰው ኖሮ ሐኪም ቤቱ በር ላይ አወረዳት። በዚህ ወር በሰዓቷ የደረሰችው ያን ቀን ብቻ ነው። አደራዎን፣ ከዚህ ፌርማታ ሰው ተሳፈረ ተብሎ ጥናትዎ እንዳይበላሽ እሷን አይቁጠሯት።