በውሃ ልክ የለጠፍኩት ማስታወቂያ

ለተከበሩ የሰፈራችን ጽሕፈት ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ
አቦከር፣ ሐረር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ጉልበትዎም እንደ ማታ ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር በስተርጅና ይታደስልዎ እላለሁ።

እኔ ግንበኛ ኒቆዲሞስ፣ በጀጎል ውስጥ ስንቱን የተጣመመ ግድግዳ ያቃናሁ፣ ዘንድሮ ደግሞ ፊደል ቆጥሬ ከክፍሌ አንደኛ የሆንኩ ሰው ነኝ። እርግጥ ከክፍሉ አንደኛ የነበረችው ባለቤቴ ሥርጉት ናት፤ ቦታውን የለቀቀችልኝ ስታርፍ ነው። ምስጋናዬን በቁጥር አስፍሬዋለሁ፤ ቁጥርም ተምሬያለሁና።

፩ኛ. ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። ያ ኮምፒውተር ድሮ እስኪከፈት ድረስ እኔና ሥርጉት ከሀ እስከ ፐ ወጥተን እንወርድ ነበር። አሁን ጽሑፋችንን ሁሉ ይይዝ በነበረው በሃርድ ዲስኩ ቦታ ኤስኤስዲ የሚሉትን፣ ከመዳፍ የሚያንስ ቀጭን ዕቃ ስላስገቡለት፣ ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። ተከፍቶ ይጠብቀኛል እንጂ ውስጡ ባዶ ነው።

፪ኛ. ሥርጉት ከመታመሟ በፊት በዚያ ኮምፒውተር ደብዳቤ ጽፋልኝ ነበር። ምን እንዳለችኝ እንድታነብልኝ ብለምናት፣ የሰው ግድግዳ እያቃናህ የገዛ ስምህን አጣመህ ትጽፋለህ፣ መጀመሪያ ተማርና ራስህ አንብበው ብላ ሳቀችብኝ። የባልና የሚስት ነገር በሌላ ሰው አፍ አይሰማም ብዬ ማንንም አላስነበብኩም። የአርባዋ ማግስት፣ አሁንስ ደርሻለሁ ብዬ ላነበው ብሄድ፣ ሃርድ ዲስኩ ተነቅሏል።

፫ኛ. ሳያስጠነቅቁን አደረጉት ብዬ አልወቅስዎም፤ ኃጢአት ይሆንብኛል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ጽሑፍ ያለው ሁሉ በአምስት ቀን ውስጥ እንዲያስገለብጥ የሚያዝ ማስታወቂያ በክፍላችን በር ላይ አስለጥፈዋል። ማንበብ የማይችል ሰው በሚማርበት በር ላይ! ይህን ጥበብ ከየት አገኙት? የለጠፍኩትም እኔው ነኝ። ጸሐፊዎ ዮዲ፣ ጋሼ ይቺን ይለጥፉልን ስትለኝ፣ ምን ይላል ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። በውሃ ልክ ለክቼ፣ የፀጉር ያህል ሳላዛንፍ ለጠፍኩና ወደ ኋላ አፈግፍጌ ሥራዬን አደነቅሁ። ሥርጉት ያን ቀን ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ አብራኝ ብትሆን ታነብልኝ ነበር። በሕይወቴ ያለማንም እርዳታ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ያ ማስታወቂያ ነው። እስካሁንም አልተዛነፈም።

አራተኛ የለኝም፤ ልመና ግን አለኝ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በመጋዘንዎ፣ የሚወገድ ንብረት በተከማቸበት ሣጥን ውስጥ እንዳለ ቴክኒሻኑ ያሬድ አይቷል፤ በአንድ ገመድ ቢያገናኘው ደብዳቤው በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደሚወጣም ነግሮኛል። እርስዎ ግን የተመዘገበ ንብረት ያለ ኮሚቴ አይነካም፣ በጽሑፍ ያመልክት ብለዋል፤ ሰኞ በመዶሻ እንደሚሰባበርም ሰምቻለሁ። እነሆ፣ በጽሑፍ አመለከትኩ። ዕቃውን ስጡኝ አላልኩም። ስበሩት፤ መዶሻ ከጠፋ የእኔን አውሳችኋለሁ። ብቻ አስቀድሜ ላንብበው።

የፀጉር ያህል በማይዛነፍ አክብሮት፣
ግንበኛ ኒቆዲሞስ ኪዳነወልድ
የማታው ክፍል አንደኛ፣ ሚስቱ ምን እንዳለችው ገና ያልሰማ

የተረሳ ቃል፦ ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ በር ላይ በውሃ ልክ ለጥፌዋለሁ። ማንበብ ከከበደዎ እንደ እኔ አፍረው ዝም አይበሉ፤ ያስጠሩኝ፣ አነብልዎታለሁ።