በስሜ የተላከው መርዶ

ይድረስ ለልጄ ለቶሌራ። አቡዬ በምትሄድበት ሁሉ ይቅደሙልህ፤ የሰው አገሩን ብርድም ያቅልሉልህ። እኛ ደህና ነን። እዚህ መካኒሳ መንገዱ ተቆፍሮ ጭቃው ለጉድ ነው።

የጎረቤታችን የአቶ በንቲ ባለቤት እትዬ አማከለች አረፉ። ጥሩምባው ከቀረ ወዲህ አንተ ለእድሩ የሠራኸው ፕሮግራም ነው በስልክ የሚያረዳን፤ ያን ቀን ግን መልእክቱ ለማንም አልደረሰም። ዘግይቼ ሰምቼ ሮጬ ብደርስ አቶ በንቲ ባዶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። «ሰውን ምን በድዬው ነው?» አሉኝ።

እህትህ ሴና የሆነውን ሁሉ ለዚያ ኤአይ ለሚሉት ነገረችው። እሱም የእድሩ ጸሐፊ ምን አስቀድመው ምን እንዳስከተሉ እየጠየቀ ስህተቱን አገኘላት። ለካ መርዶው ሳይላክ የሟች ስም ከአባላት መዝገብ ከወጣ መልእክቱም አብሮ ይሰረዛል። አስተካከለችው። አልወቅስህም፤ በለቅሶ ቀን ሰው ምን እንደሚያስቀድም በምን ታውቃለህ?

ለመሞከር የሟች ስም አስፈለጋት። «የእኔን አስገቢው» አልኳት። ለእኔ፣ ለእሷና ላንተ ብቻ እንዲሄድ አድርጋ፣ «ሙከራ ነው» የሚል ጨምራበት፣ እያለቀሰች አስገባችው። የሞቴን መርዶ በገዛ ስልኬ አነበብኩ። ለእሷም ደረሳት። ላንተ ግን አልደረሰም። ሴና ሌላ ስህተት መስሏት ያንኑ ኤአይ ብትጠይቀው፣ ፕሮግራሙ ደህና ነው፣ የማይሠራው ያንተ ቁጥር ነው አላት።

ልጄ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥህ፤ ካሰብክበት ያድርስህ። ይህን ወረቀት ለሚያደርስልህ ሰው አዲሱን ቁጥርህን ስጠው። እውነተኛው መርዶዬ የመጣ ቀን፣ ከሰው ሁሉ አንተ ሳትሰማ እንዳትቀር።

እናትህ ዘነቡ