መመለሻ የሌለውን ሙዚቃ ብቻቸውን የሰሙት የአቶ ጋሮማ ዱቤ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጋሮማ ዱቤ ከአባታቸው ከኦቦ ዱቤ ቀጄላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዱርሲቱ፣ በሰበታ አጠገብ ዓለም ገና በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲፈጠሩ የጆሮ ሰው ነበሩ። አባታቸው ያወሩ እንደነበረው፣ በሰባት ዓመታቸው በጅማ መንገድ የሚመጣውን የጭነት መኪና ሳያዩ በሞተሩ ድምፅ ይለዩት ነበር፤ ሾፌሩ ምሳ መብላት አለመብላቱን ሳይቀር ይናገሩ ነበር። የሚጠራጠር ቢኖር ኦቦ ዱቤን ይጠይቅ እንል ነበር፤ አሁን እሳቸውም የሉም።

ሰበታ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1963 ዓ.ም. በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ገቡ፤ ክላርኔት ተጫዋች ሆኑ። በ1969 ዓ.ም. ለሦስት ዓመት ትምህርት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ተላኩ። እዚያም አንድ ቅዳሜ፣ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ የተደረሰ የኦርኬስትራ ሥራ ሰሙ። ትዝታም ይሁን ባቲ፣ የእኛ ዜማ የቱንም ያህል ቢዞር ሲመሽ ቤቱ ይገባል። ይኼኛው ግን ቤት የለውም፤ በሙዚቃ ያሉት አሥራ ሁለቱም ድምፆች እኩል ናቸው፣ አንዱም አለቃ አይደለም። ግማሹ ሰው አዳራሹን ጥሎ ወጣ። አቶ ጋሮማ ግን የጽዳት ሠራተኞች መጥረጊያ ይዘው እስኪመጡ ከወንበራቸው አልተነሡም። ሲመለሱ ሻንጣቸው ውስጥ የዚያ ሙዚቃ ካሴት ነበረ።

በ1973 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፋናዬ የሺጥላ ጋር ትዳር መሥርተው ሮዳስንና ዮናስን ወለዱ። በ1998 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናብተው ቡራዩ ቤት ሠሩ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ መልስ ካሴቱን ለጎረቤት ማሰማት ጀመሩ። ሁሉም ይግባው አላሉም፤ አንድ ሰው ከገባው ይበቃኛል ይሉ ነበር።

በመጀመሪያው እሑድ አሥራ አንድ ሰው መጣ። ጎረቤታቸው አቶ ሀሰኖ ጥቂት አዳምጠው፣ «ጋሽ ጋሮማ፣ ሰዎቹ ገና መሣሪያቸውን እየቃኙ ነው፤ ሲጀምሩ ጥሩኝ» ብለው ወጡ። በር ላይ ታስራ የነበረች በግም ገመዷን በጥሳ፣ ተራራውን ተሻግራ ሱሉልታ ተገኘች ይባላል። በወሩ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ የወይዘሮ ፋናዬ ታናሽ ወንድም፣ ቤተሰቡ ይህን ጽሑፍ እንዲጽፍ ያዘዘው ተድላ።

ተድላ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። አቶ ጋሮማ በየሳምንቱ፣ «መመለሻውን አትፈልገው፤ የለውም። ዝም ብለህ ፍራ» ይሉታል። ካሴቱ በጀመረ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ፣ እሳቸው ራሳቸው በመጀመሪያው ቀን እንባ ተናነቀኝ ብለው የነገሩት ቦታ ሲደርስ፣ ተድላ ዓይኑን ይጠርግና «እዚህ ጋ ነው፣ ጋሼ» ይላል። አቶ ጋሮማም ደብተራቸው ላይ ቀኑን ጽፈው፣ ከጎኑ «ተድላ ገባው» ብለው ያሰፍራሉ። ለአሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ጻፉ። የሚያውቁትን ሰው ሁሉ በመንገድ አስቁመው፣ አንድ ሰው አገኘሁ ሲሉ ኖሩ።

ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አንድ እሑድ፣ ሙዚቃው በተጀመረ በአራተኛው ደቂቃ የቡራዩ መብራት ጠፋ። ቴፑ ቆመ። አቶ ጋሮማ መብራቱ እስኪመጣ ጠበቁ። ተድላ ግን የመብራቱን መጥፋት አላወቀም። አንድ ጊዜ ሰዓቱን በቆረጣ አየና፣ አሥራ አንዱ ደቂቃ ሲሞላ ዓይኑን ጠረገ፤ ጭጭ ባለው ቤት ውስጥም «እዚህ ጋ ነው፣ ጋሼ» አለ።

አቶ ጋሮማ ተነሥተው ከተድላ ጆሮ የተወተፈ ጥጥ አወጡ። አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን። ካሴቱ አጠገብ አስቀመጧቸውና፣ «ምሳ ቀርቧል፤ ይብሉ» አሉት። በልጅነቱ አዝለው ያሳደጉትን ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ አሉት። ተድላ፣ «ጥጡ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ኋላ ግን ደስታዎን ማየት ልማድ ሆነብኝ» ብሎ ለይቅርታ ሽማግሌ ላከ። አቶ ጋሮማ ሽማግሌዎቹን በክብር ጋብዘው ሸኙ። ካሴቱን ግን ዳግመኛ አላሰሙም። በደብተሩ መጨረሻ ላይ የተገኘው ጽሑፍ «ማንም አልገባውም» የሚል ብቻ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። ተድላ በየቀኑ እየሄደ፣ ያለ ጥጥ አንድ ጊዜ ያሰሙኝ ብሎ ለመነ። መልሳቸው «አይድከሙ» ነበር። የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ሐኪሙ ሲነግራቸው ወይዘሮ ፋናዬ አንድ ድምፅ አወጡ። ያ ድምፅ ገና ለቅሶ አልነበረም፤ ሙሾ ሊሆን ቅኝት አላገኘም። ወጣ፣ ተሰበረ፣ ከሌላ ቦታ ተነሣ። ተድላ የት እንደሚመለስ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ፤ አልተመለሰም። ፈራ። ወደ አልጋው ዞሮም «እዚህ ጋ ነው፣ ጋሼ» አለ። ደብተሩ ላይ የሚጽፍለት አልነበረም።

አቶ ጋሮማ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ሲሆኑ፣ ሦስት የልጅ ልጆችም አይተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን መብራት በማይጠፋበት፣ ጥጥ የሌለበት ጆሮ በሚሰማቸው ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ ለበደላቸውም ይቅርታን ይስጥ። አሜን።