ሦስት መውጫ ያለው የአረቄ ቱቦ

ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለማይረሳኝ ወንድሜ፣

እንዴት ሰንብተሃል? የሱዳን ሙቀት እንዴት አደረገህ? እኔ፣ ቤታቸውን ያከራዩኝ እናትህና አንተ ያስጀመርኸኝ የሬዲዮ ማጉያ፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ ሦስታችንም ደኅና ነን። ሦስት ቅዳሜ በሬዲዮ ጠርተኸኝ ስጠፋብህ ሳትጨነቅ አልቀረህም። ምክንያቱን በሞርስ ነጥብና ሰረዝ ልምታልህ ብል ፋሲካ ይደርሳል፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በነጋዴ እጅ ልኬልሃለሁ።

እንደ መከርኸኝ የማጉያውን መውጫ በአንድ ጥቅል ለሦስት ሞገድ አበጀሁት። ስድስት ሜትር የመዳብ ቱቦ በእናትህ ዘነዘና ላይ ጠቀለልኩና ሦስት ቦታ ሽቦ በየድኩበት፤ ሙሉው ለሰማንያ ሜትሩ፣ መካከለኛው ለአርባው፣ ጫፉ ለሃያው። የአንተ ስሌት ከዘነዘናው ጋር ስላልተስማማ ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ።

የመጨረሻውን ሽቦ ስበይድ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈንታሁን ከሁለት ታጣቂ ጋር ገባ። ሌላው ዕቃ ጎታ ውስጥ ጤፍ ተጭኖበታል፤ ጥቅሉ ግን ጭኔ ላይ ነው። ይህ ምንድን ነው አለኝ። የሬዲዮ ማስተላለፊያ ይዞ የተገኘ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። እኔ የፊዚክስ አስተማሪው ትኩሱን ብየዳ እፍ እፍ እል ጀመር።

እናትህ ከጓዳ ወጡ።

«የአረቄ ቱቦዬ ነው።»

የቄስ ባለቤት የነበሩ፣ አረቄ ደጃፋቸውን ረግጦ የማያውቅ ሴት። ታዲያ ሦስቱ ሽቦ ለምንድን ነው አላቸው።

«ጉልበቱን መለያ ነዋ! ከዚህ ለስላሳው፣ ከዚህ ብርቱው ይወጣል።»

ተማሪዎቼን እንዲህ አስረድቼ አላውቅም።

«እንግዲያው እማማ ያውጡና ያቅምሱን» ብሎ ተቀመጠ።

ከጎረቤታችን ከወይዘሮ ብዙነሽ ድፍድፍ አስመጡ። ጋኑን በሊጥ መርገው፣ ጥቅሉን ውሃ ውስጥ ነከሩት። አረቄው ወረደ። እኔ የጠቀለልኩት ነገር በመጀመሪያ ሙከራው ሲሠራ ያን ቀን አየሁ። ብየዳው እርሳስ እንዳለበት ለጓድ ፈንታሁን ሳልነግረው ቀረሁ። ወዶት በየቅዳሜው ይመጣ ጀመር። ሁዳዴ ሲገባ ግን፣ በይፋ የማይጾመው ሊቀመንበር በስውር አረቄ አቆመ፤ ቅዳሜያችንም ተመለሰልን።

እናትህ ስለ አረቄው ተናዝዘው አርባ ስግደት ታዘዘባቸው። ስለ ቱቦውስ ብላቸው፣ ስለ ቱቦው ማን ጠየቀኝ አሉ። ነፍሴን ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ስላካፈልኸኝ እናት አመሰግንሃለሁ።

ቢጠየቁ አላውቅም እንዲሉ፣ ስለ አንተ ምንም እንዳልነግራቸው አስምለኸኛል። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ሬዲዮ እጠግናለሁ እንጂ ሌላ አላልኋቸውም። ትናንት ግን ስግደታቸውን ጨርሰው፣ ጥቅሉን በሎሚና በአመድ ወልውለው አመጡልኝ።

«ያ ልጄ በየትኛው በኩል ነው የሚመጣው?»

ከአንተ ጋር የምንገናኘው በአርባው ነውና መካከለኛውን አሳየኋቸው። ከነጠላቸው ጫፍ ክር መዝዘው አሰሩበት። ክር እዚያ ቦታ አይበጅም፣ ይቃጠላል። አልፈታሁትም።

የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ ባለህበት ይጠብቅህ፤ ይህን ደጅ ለመርገጥ ያብቃህ።

ወንድምህ፣ የእናትህ ተከራይ