ከሰርቨሩ የጠፉት እጆች

እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለእትዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ደረጃ ስትወጪ የሚወጋሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም «ምንም አይለኝ» እያልሽ ትሸውጂናለሽ? አባባስ እንዴት ናቸው? ሳሉ ለቀቃቸው? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ያቺ ማታ ማታ እየመጣች የምታጫውትሽ ጎረቤትሽ፣ ሁሉም አማን ናቸው? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ሦስት ጊዜ ደውለሽ ስልኩን ያላነሳሁት ጠግቤ አይደለም። አንዴ ድምፄን ከሰማሽ «ምን ሆነሃል?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ እሱን ፈርቼ ነው። በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

የምሠራው መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሥራዬን ግን አባባ ለሰው እንደሚያወሩት «ማሽን ማዘዝ» አድርገሽ አትውሰጂው፤ የማሽኑ ታዛዥ እኔ ነኝ። ምድር ቤት ውስጥ መስኮት የሌላት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ እዚያ ሰርቨር የሚባል ኮምፒውተር ሲያጓራ ይውላል። የመላው ሠራተኛ የጋራ ቁም ሳጥን በዪው። ሁሉም ፋይሉን፣ ፎቶውን፣ ደብዳቤውን እዚያ ያኖራል፤ ከየወንበሩ ሆኖ ይከፍተዋል። የእኔ ድርሻ ቁም ሳጥኑ እንዳይሞላ፣ እንዳይበላሽ፣ ደግሞም የገባበት ነገር ሁሉ ሌላ ቦታ ቅጂ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ልብ በያት።

አንዲት መምህርት አለች። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ አትሰማም። እኔን «ገመድ» ብላኛለች፤ ስትጠራኝ እጇን በክርኗ ዙሪያ እንደሚጠቀለል ገመድ ታዞረዋለች። ይህች ሴት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ መስማት የማይችሉ ሽማግሌዎችን እያፈላለገች እጃቸውን በቪዲዮ ትቀርጽ ነበር። እነዚህ ሰዎች ማንም ሳያስተምራቸው ከቤተሰባቸው፣ ከጎረቤታቸው ጋር በራሳቸው የፈጠሩት ምልክት አላቸው። አንዱ ጉድጓድ ቆፋሪ ናቸው፤ አንዷ ንብ አናቢ። ሁለት እህትማማቾችም አሉ፤ ከልደታቸው ጀምሮ የማይሰሙ፣ አንድ ቤት አብረው ያረጁ፣ ከእነሱ በቀር ማንም የማያውቀው የእጅ ወግ ያላቸው። መምህርቷ እያንዳንዱን ምልክት ትቀርጽና ትርጉሙን ጠይቃ እዚያው አጠገቡ ትጽፋለች። መዝገበ ቃላት ልታደርገው ነበር። ከቀረጸቻቸው አርባ አንድ ሰዎች አሥራ ሰባቱ ሞተዋል። ሁሉም «ሽማግሌዎች» በሚል አንድ ፎልደር ውስጥ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነበሩ።

የዛሬ ወር ገደማ፣ ሰኞ ጠዋት፣ መምህርቷ ምድር ቤት ወርዳ በሩ ላይ ቆመች። በእጇ «ሽማግሌዎቹ የሉም» አለችኝ። ሳቅሁ፤ አዎ፣ ሳቅሁ። እዚህ በየሳምንቱ የአንዱ ወይ የሌላው ፎልደር ይጠፋል። ብዙ ጊዜ አንዱ ማውሱን ሳያስበው ጎተት ያደርግና ፎልደሩን ከጎኑ ባለው ፎልደር ውስጥ ይከተዋል። «እስከ ምሳ አመጣልሻለሁ፤ ሂጂ አስተምሪ» አልኳት። አመነችኝ፤ ሄደች።

በስሙ ፈለግሁ፤ የለም። በቀኑ ፈለግሁ፤ የለም። ቪዲዮ የሆነውን ሁሉ አውጣ አልኩት፤ የስፖርት ቀን ሩጫና የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ የልጁ ልደት ወጣ። ከዚያ በየክፍሉ ዞርኩ። እትዬ፣ ሰው ፋይሉን እንዴት እንደሚሰይም ብታዪ በሳቅ ትፈርሺ ነበር። አንዱ «የመጨረሻው» አለው፤ ቀጥሎ «እውነተኛው የመጨረሻ»፤ ቀጥሎ «ይሄ ነው»። «አዲስ ፎልደር» የሚል ብቻ ሃያ ሦስት አገኘሁ። አንድ ቦታ «ሽማግሌዎች» የሚል አየሁና ቶሎ ከፈትኩት፤ ወደ ዋናው የሚወስድ አቋራጭ ብቻ ነው፤ ዋናው ደብዛው የለም። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ አለፈ። ፎልደሩ የውሃ ሽታ ሆነ።

በማግስቱ ሰርቨሩ ማን ምን እንዳደረገ የሚጽፍበትን መዝገብ ከፈትኩ። ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል፤ «ሽማግሌዎች» ተሰረዘ ይላል። የሰራዡ ስም ግን ጽሕፈት ቤቱ በጋራ የሚጠቀምበት ስም ነው፤ አምስት ሰው ይገባበታል። በራስሽ ኮምፒውተር የሰረዝሽው ነገር መጀመሪያ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ ከተጸጸትሽ ታወጪዋለሽ። ከእኛ ሰርቨር የተሰረዘ ግን ቅርጫት የለውም፤ በዚያው ነው።

ሳልጠይቃት አዲሷ ጸሐፊ ራሷ መጣች። ሁለት ወሯ ነው፤ ገና በሙከራ ላይ ናት። በሩን ዘግታ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለችኝ። «የጡረተኞች ሽኝት ፎቶ መሰለኝ። ቦታ ሞልቷል፣ የማትፈልጉትን አጥፉ የሚል መልእክት ደረሰን፤ ትልቁን ፈልጌ አጠፋሁ» አለች። መልእክቱን የላክሁት እኔ ነበርኩ። የሚገርምሽ፣ እሷን ማጽናናት ቀላል ነበር። «አይዞሽ፣ ቅጂ አለን» አልኳት። እሷን ሸኝቼ ቅጂው ወዳለበት ዲስክ ስሄድ መንገድ ላይ ትዝ አለኝ።

ባለፈው ዓመት ይኸው የቅጂ ዲስክ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር። አዲስ ይገዛልኝ ብዬ ጻፍኩ፤ «ይታሰብበታል» አሉኝ። እስከዚያ እንዲቆይልኝ ብዬ ከባዱን፣ ቪዲዮን፣ እንዳይቀዳ፣ የተቀዳውንም እንዲያወጣ አዘዝኩት። ለሁለት ሳምንት ነበር ያሰብኩት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለመምህርቷም። ከዚያ ሌላ ሥራ መጣ፣ ሌላ ችግር መጣ፤ ረሳሁት። እትዬ፣ ሰው ገድሎ እንደ ረሳ ሰው ነው የሆንኩት።

ለመምህርቷ ስነግራት በእጄ ነበር፤ የሚያሳፍርን ነገር በእጅ መናገር በአፍ ከመናገር ይከብዳል፤ ፊትሽን ማዞር አትችዪማ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ በወደድኩ። «ከተሰረዘው የሚተርፍ የለም?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። የተሰረዘ የሚያስመልስ ፕሮግራም ዲስኩ ላይ ለቀቅኩበት፤ አራት ቀን ፈጀ። ግን ፋይሎቹ ከጠፉ በኋላ ሰው ሁሉ ሥራውን ሲያስቀምጥ ሰንብቷል፤ በላያቸው ተጽፎባቸዋል። ብዙ መቶ ቁርጥራጭ ወጣ፤ የተከፈተው ዘጠኝ ነው። ስምንቱ ባዶ ግራጫ ምስል ናቸው። ዘጠነኛው ላይ የጉድጓድ ቆፋሪው እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ይታያል፤ እዚያው አየር ላይ ቆሞ ይቀራል። መምህርቷ ደጋግማ ከፈተችው። «ምን ሊሉ ነበር?» አልኳት። «የምልክቱ መነሻ ብቻ ነው፤ ከዚህ ብዙ ቃል ይነሳል» አለችኝ።

ዳይሬክተሩ ስም ፈለጉ። «በጋራ ስም የሰረዘው ማን ነው? በሪፖርቱ ይግባ» አሉኝ። ልጅቷን ሳስባት አንጀቴ አልችል አለ። «ማንም ይሁን፣ ቅጂ ቢኖር በአሥር ደቂቃ ይመለስ ነበር። ቅጂውን ያስቆምኩት እኔ ነኝ፤ የእኔን ስም ይጻፉ» አልኳቸው። ጻፉት። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ ላይ ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ጀግና ሆንኩ ብዬ አይደለም የምነግርሽ፤ ልጅቷ ተረፈች እንጂ የጠፋው አልተመለሰም። ለአባባ ግን አደራ፣ ይህን አትንገሪያቸው።

ባለፈው ቅዳሜ መምህርቷ «በሕይወት ካሉት እንጀምር» ብላ ካሜራ አሸክማኝ ሄድን። አውቶቡሱ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። መጀመሪያ የደረስነው ከእህትማማቾቹ በሕይወት ወዳሉት ታናሽየዋ ነው፤ ታላቅየዋ ዐርፈዋል። በሩን የከፈተችልን ጎረቤት ናት። «እህታቸው ከሞቱ ወዲህ እጃቸውን አያነሱም። ከማን ጋር ያውሩ? እኛ የምናውቀው ብሉና ተኙ ማለት ብቻ ነው» አለችን። ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋና ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች አሉ። አንዱ ላይ የታጠፈ ልብስ ተከምሮበታል። አሮጊቷ በሌላው ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝቷል።

መምህርቷ ልብሱን አንስታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ከእሳቸው የተማረችውን፣ ያልረሳችውን፣ አንድ በአንድ ታወጣ ጀመር፤ ውሃ፣ ፀሐይ፣ በር። እጃቸውን ሳያነሱ ያዩአታል። «እህት» ስትል ግን እጇን ያዙና ጣቶቿን አስተካከሉላት፤ እንዲህ ሳይሆን እንዲህ። ካሜራው ዓይኔ ላይ ነው፤ እንባዬ አላሳይ አለኝ። በቃ ተጀመረ አልኩ በሆዴ። አሮጊቷ ከዚያ የራሳቸውን እጅ አነሱ። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ፤ ሁለት ጣት በግራ ክንዳቸው ላይ እስከ ክርን አወረዱ፤ ከዚያ አንድ ነገር እንደሚለቁ እጃቸውን ከፈቱ። ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ መልስ እየጠበቁ ዓይን ዓይኗን ያያሉ። መምህርቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። የአሮጊቷ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። እጃቸው ግን ወደ ጭናቸው ተመለሰ፤ ዳግመኛ አልተነሳም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ መምህርቷ ወደ እኔ ዞረች። «ምን እንዳሉኝ አላወቅሁም» አለችኝ። «ያን ቃል ከታላቅየዋ ቀርጬዋለሁ፤ ትርጉሙንም ጽፌዋለሁ። ፎልደሩ ውስጥ ነበር። ምን ጠይቀውኝ አዎ እንዳልኩ እንኳ አላውቅም።» ይቅርታ የሚለውን ምልክት አውቀዋለሁ፤ እጄ ግን አልነሳ አለኝ።

ይኸው አሁን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጫለሁ። ቅዳሜ የቀረጽኩት የአሮጊቷ ምልክት፣ የአርባ ሰከንድ አንድ ፋይል አለኝ። ስም ስጠው ይለኛል፤ ምን ብዬ እንደምሰይመው ጨነቀኝ።

አባባን እጃቸውን ሳሚልኝ፤ ሥራ በዝቶበት ነው በያቸው። ባለቤትሽን ስለ መጽሐፉ አመስግኚልኝ፤ ግማሽ ደርሻለሁ። ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን ስትጨርስ ራሷ ትጻፍልኝ። መንትዮቹን አንድ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ሁለት ጊዜ ሳሚያቸው፤ እንዳይጣሉ። ጎረቤትሽንም ሰላም በያት። አንቺ ደግሞ በእኔ አትብሰልሰዪ፤ ብቻ ሲመችሽ ጻፊልኝ።

የሚወድሽ ወንድምሽ

ከትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፣ ሰኔ 17 ቀን